የአጋዘን አዳኝ መጠባበቂያ መነጽር፦ በመጠነኛ ዋጋ እንዴት ይመረጣል?

ረጅም መንገድ የሚወጣ ሹፌር ስኮርታ ጎማ ሳይዝ አይነሣም። ስኮርታው ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ሊከርም ይችላል፤ በሚፈለግበት ሰዓት ግን የሚተካው ነገር የለም። በስኮትላንድ ተራሮች ላይ አጋዘን ለማደን የሚወጣ ሰው የሚይዘው ሁለተኛ መነጽርም እንዲሁ ነው። ዋናው መነጽር ድንጋይ ላይ ሊወድቅ፣ ውስጡ በእርጥበት ሊሸፈን፣ ማንገቻው ተበጥሶ ገደል ሊገባ ይችላል። ይህ በሚደርስበት ጊዜ አዳኙ ከመኪናውም ከመንደሩም የብዙ ሰዓት መንገድ ርቆ ይገኛል።

የዛሬው ትምህርታችን ይህን መጠባበቂያ መነጽር ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ እንዴት መምረጥ እንደሚቻል ያስረዳል። ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ቢመስልም፣ መልሱ ያለው ብርሃን በመስተዋት ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍና የሰው ዓይን በድንግዝግዝ እንዴት እንደሚሠራ በማወቅ ላይ ነው። ይህን የተረዳ ሰው በአደን ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ወፎችንና የዱር እንስሳትን ለማየት መነጽር በሚገዛበት ጊዜም ይጠቀምበታል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ

“መነጽር” የሚለው ቃል የመጣው ከግዕዙ “ነጸረ” ሲሆን ትርጉሙ ተመለከተ፣ አየ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ መነጽር ስንል በሁለት ዓይን የሚታይበትን፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ማለትም ባይኖኩላር የሚባለውን ማለታችን ነው።

አጋዘን የሚለው ስምም ማብራሪያ ያሻዋል። በባሌ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን የድኩላ ዘመድ ነው፤ ቀንዱ ዕድሜ ልኩን ከራሱ ላይ አይወልቅም። የአውሮፓው አጋዘን ግን ከሌላ ወገን የሚቆጠር እንስሳ ነው። ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። የዚህ ወገን እንስሳ በኢትዮጵያ የለም፤ በአፍሪካም ተወላጅ ሆኖ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ድንበር አካባቢ ብቻ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ለሁለቱም አጋዘን የሚለውን ስም ስለሚጠቀም እኛም በዚሁ እንቀጥላለን። በብሪታንያ 6 ዓይነት የዱር አጋዘኖች ሲኖሩ፣ ከጥንት ጀምሮ የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ትልቁ ቀይ አጋዘንና ትንሹ ሮ አጋዘን ናቸው።

መጠባበቂያው ለምን ያስፈልጋል?

በስኮትላንድ ደጋ የሚታወቀው የአጋዘን አደን “ስቶኪንግ” ይባላል። አዳኙ በእግሩ ይሄዳል፤ ነፋሱ ጠረኑን ወደ እንስሳው እንዳይወስድበት አቅጣጫውን ይጠብቃል፤ ሲቃረብም በደረቱ ይሳባል። የቀኑ አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው ግን በመተኮስ ሳይሆን በማየት ነው። ይህ ችሎታ በአገሩ ትልቅ ዋጋ የሚሰጠው ስለነበር፣ በ1900 ሎርድ ሎቫት ለደቡብ አፍሪካው ጦርነት “ሎቫት ስካውትስ” የተባለውን ክፍለ ጦር ያቋቋሙት በተራራ ላይ በቴሌስኮፕ ማየት ከለመዱ የአጋዘን አዳኞችና ረዳቶቻቸው ነበር።

ይህን ያህል መመልከት የሚያስፈልገው እንስሳውን ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ለመለየትም ነው። በስኮትላንድ ሕግ ሴቷን ቀይ አጋዘን ማደን የሚፈቀደው ከኦክቶበር 21 እስከ ፌብሩዋሪ 15 ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ ሴቷ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31፣ ወንዱ ከኦገስት 1 እስከ ኤፕሪል 30 ይታደናሉ። ስለዚህ ከመተኮሱ በፊት አዳኙ ጾታውን በእርግጠኝነት ማወቅ አለበት። ይህ ቀላል የሚመስለው ቀንዱ በግልጽ ለሚታይ ትልቅ ወንድ ነው። የአንድ ዓመት ወንድ ቀንድ ከጆሮው ያነሰ ጉብታ ሊሆን ይችላል። ወንዱ ሮ አጋዘን ደግሞ በመኸር መጨረሻ ቀንዱን ጥሎ በክረምት አዲሱን ያበቅላል፤ በዚያን ጊዜ ወንዱ ከሴቷ የሚለየው በኋላ ነጭ ጠጉሩ ቅርጽና ሴቷ ከኋላዋ ባላት ትንሽ የጠጉር ጭራሮ ነው። ይህን ከ200 ሜትር በባዶ ዓይን መለየት አይቻልም።

ከዚህ የሚብስ ጉዳይም አለ። ቀይ አጋዘን ግልገሏን የምትወልደው በጁን ወር ገደማ ሲሆን፣ ግልገሉ የመጀመሪያውን ክረምት የሚያልፈው ከእናቱ ጋር ነው። እናቲቱ ሳትታወቅ ከተመታች ግልገሉ በብርድና በረኃብ ሊሞት ይችላል። በሣር ውስጥ ተኝቶ ጆሮው ብቻ የሚታይ ግልገል መኖሩን የሚነግረው መነጽር ነው።

እንግዲህ ዋናው መነጽር በተበላሸ ጊዜ ምን ይሆናል? መጠባበቂያ የሌለው አዳኝ እጁ ጠመንጃው ላይ ወዳለው ማነጣጠሪያ መነጽር ይሄዳል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በማነጣጠሪያ የሚታየው ነገር ሁሉ በአፈሙዝም የሚታይ ነው። ከቁጥቋጦው ጀርባ የተንቀሳቀሰው አጋዘን ሳይሆን ሰው ቢሆን፣ አዳኙ ይህን የሚያውቀው ጠመንጃውን ሰው ላይ ካነጣጠረ በኋላ ነው። በስኮትላንድ ደግሞ የ2003ቱ የመሬት ማሻሻያ ሕግ ማንኛውም ሰው በኃላፊነት እስከተንቀሳቀሰ ድረስ በአብዛኛው ገጠር የመዘዋወር መብት ስለሚሰጠው፣ ተራራው ላይ መንገደኛ መኖሩ የተለመደ ነው። አደን በሚፈቅዱ ብዙ አገሮች ለጀማሪዎች ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ይኸው ነው፦ ማነጣጠሪያ ለመተኮስ፣ መነጽር ለመፈለግ።

ስለዚህ መጠባበቂያ መነጽር የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ የደኅንነት መሣሪያ ነው። የምርጫውም መለኪያ ከዚህ ይመነጫል። ጥያቄው “በሱቁ ብርሃን ያምራል ወይ?” ሳይሆን “በመጥፎው ሰዓት፣ በዝናብና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ይሠራል ወይ?” የሚለው ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች የሚነግሩን

በእያንዳንዱ መነጽር ላይ እንደ 8×42 ያሉ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል። የመጀመሪያው የማቅረብ ኃይሉ ነው። በ8 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር 400 ሜትር ርቆ የቆመውን አጋዘን 50 ሜትር ላይ እንዳለ ያስመስለዋል። ሁለተኛው ቁጥር ብርሃን የሚቀበለው የፊት ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው።

ብዙ ገዢ የሚታለለው በመጀመሪያው ቁጥር ነው። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን መነጽሩ እንስሳውን ብቻ ሳይሆን የእጅን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላል። ዳገት ወጥቶ ልቡ የሚመታ፣ ነፋስ የሚገፋው ሰው 12 ወይም 16 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ቢይዝ ምስሉ አልቆም ይለዋል። የእይታ ስፋቱም ይጠባል፤ በጠባብ እይታ ደግሞ አጋዘን መፈለግ በቁልፍ ቀዳዳ ሜዳ እንደ መቃኘት ነው። ለእጅ መያዣ 8 እጥፍ አስተማማኝ ነው፤ 10 እጥፍ ደግሞ እጁ ለጸና ሰው የላይኛው ወሰን ነው።

አሁን ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው እናካፍል። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይሆናል። ይህ ከዓይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት በሚሊሜትር ነው። የዓይናችን ብሌን በቀን ብርሃን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ በጨለማ የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል። ዕድሜ ሲገፋ ግን የመከፈት አቅሙ ይቀንሳል፤ ከ50 ዓመት በላይ ባሉ ብዙ ሰዎች ዘንድ 5 ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው።

ከዚህ በመነሣት የተለመዱትን መጠኖች እናነጻጽር፦

- 10×25 የኪስ መነጽር፦ 2.5 ሚሊሜትር
- 8×30፦ 3.75 ሚሊሜትር
- 8×32፦ 4 ሚሊሜትር
- 10×42፦ 4.2 ሚሊሜትር
- 8×42፦ 5.25 ሚሊሜትር
- 8×56፦ 7 ሚሊሜትር

በቀትር ብርሃን ሁሉም ለብሌናችን ይበቃሉ፤ ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ልዩነታቸው ብዙም አይታወቅም። በድንግዝግዝ ግን የብርሃን መጠን የሚለካው በክቡ ስፋት ካሬ ነው። 5.25ን ለ2.5 አካፍለን በራሱ ስናባዛው 4.4 ገደማ እናገኛለን። ብሌኑ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ለሚከፈት ሰው 8×42 መነጽር ከ10×25ቱ ከ4 እጥፍ በላይ ብሩህ ምስል ይሰጠዋል ማለት ነው። አጋዘን ከጫካ ወጥቶ የሚግጠው በአብዛኛው ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። በሰሜን ስኮትላንድ የዲሴምበር ቀን ከ7 ሰዓት ያነሰ ርዝመት ስላለው ይህ ልዩነት የሚፈተንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይሁንና መጠን መጨመሩም ወሰን አለው። ብሌኑ 5 ሚሊሜትር ብቻ የሚከፈት ሰው 8×56 ቢገዛ፣ ከ7 ሚሊሜትሩ ክብ ጫፍ ያለው ብርሃን ወደ ዓይኑ ሳይገባ ይቀራል። ያልተጠቀመበትን መስተዋት ዋጋ ከፍሎ፣ ከ1 ኪሎ የሚበልጥ ሸክምም ይሸከማል።

አንዳንድ ሻጮች “የድንግዝግዝ ቁጥር” የሚባል ሌላ መለኪያ ይጠቅሳሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ተባዝተው ካሬ ሥራቸው ሲወሰድ የሚገኝ ነው። በዚህ ስሌት 12×25 መነጽር 17.3 ሲያገኝ፣ 7×35 መነጽር 15.7 ብቻ ያገኛል። የብርሃን ክባቸው ግን የመጀመሪያው 2.1፣ የሁለተኛው 5 ሚሊሜትር ነው። ስሌቱ የመስተዋቱን ጥራትም ከቁጥር አያስገባም። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ብቻ መግዛት አይገባም።

ብርሃን በመንገድ ላይ እንዴት ይጠፋል?

ሁለት 8×42 መነጽሮች፣ አንዱ በ60 ሌላው በ160 ፓውንድ ሲሸጡ፣ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? መልሱ በውስጣቸው ነው።

ብርሃን ከአየር ወደ ተራ መስተዋት ሲገባ ወይም ሲወጣ 4 ከመቶ ገደማው ተንጸባርቆ ይመለሳል። በአንድ የመነጽር ጎን ውስጥ ብርሃኑ 10 ያህል እንዲህ ያሉ ገጾችን ያልፋል እንበል። ሽፋን ከሌላቸው ከ100 እጅ ብርሃን ወደ ዓይን የሚደርሰው 66 ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ የሚጠፋውን ወደ 1.5 ከመቶ የሚያወርድ አንድ ድርብ ሽፋን ቢኖራቸው 86 ይደርሳል። ብዙ ድርብ ሽፋን ተቀብተው ጥፋቱ ወደ ግማሽ ከመቶ ቢወርድ ደግሞ 95 ይደርሳል። የጠፋው ብርሃን ዝም ብሎ አይቀርም፤ በመነጽሩ ውስጥ ተበትኖ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ይህን የማንጸባረቅ መከላከያ ሽፋን በ1935 የፈጠረው በዜይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ነው።

ስለዚህ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቃል በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። “ኮትድ” ማለት ቢያንስ አንድ ገጽ ተሸፍኗል ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። “መልቲ ኮትድ” የተወሰኑት ገጾች በብዙ ድርብ መሸፈናቸውን ይገልጻል። የሚፈለገው “ፉሊ መልቲ ኮትድ” የሚለው ነው፤ ይህም ሁሉም ገጾች በብዙ ድርብ ተሸፍነዋል ማለት ነው። የፊት ሌንሳቸው እንደ ቀይ ዕንቍ የሚያብረቀርቅ ርካሽ መነጽሮች ግን ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልሱ ምስሉን አረንጓዴ ያስመስሉታል። የቀይ አጋዘን ቡናማ ጠጉር ከደረቀ ሣር ተለይቶ መታየት በሚገባው ቦታ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሁለተኛው የውስጥ ምስጢር ፕሪዝም ነው። ሌንሶቹ ምስሉን ገልብጠው ስለሚሠሩት፣ ፕሪዝሙ መልሶ ያቀናዋል። ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ፖሮ በ1854 በስሙ የተጠራውን ፕሪዝም አስመዘገበ፤ ኤርንስት አቤ ያሻሻለውን የፖሮ መነጽር ዜይስ በ1894 ለገበያ አቀረበ። የፊት ሌንሶቹ ከዓይን ሌንሶቹ ይልቅ ተራርቀው የሚታዩት፣ ትከሻ ያላቸው መነጽሮች እነዚህ ናቸው። ቀጥ ያለ ቱቦ የሚመስሉት ደግሞ “ሩፍ” የሚባለውን የጣራ ቅርጽ ያለው ፕሪዝም የያዙ ናቸው።

ልዩነታቸው ለኪስ ጉዳይ ነው። በፖሮ ፕሪዝም ውስጥ ብርሃኑ በተፈጥሮ ሕግ ሙሉ በሙሉ ስለሚንጸባረቅ ሌላ ቅብ አያስፈልገውም። በተለመዱት ሩፍ መነጽሮች ውስጥ ግን አንዱ ገጽ የመስታወት ቅብ ያስፈልገዋል። በተጨማሪም ብርሃኑ በጣራው ለሁለት ተከፍሎ ሲገናኝ ምስሉ እንዳይደክም “ፌዝ” የተባለ ማስተካከያ ቅብ ይፈልጋል፤ ይህንንም ዜይስ በ1988 ለገበያ አቀረበው። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ናቸው። ስለዚህ ዋጋው ዝቅ ባለ መጠን ጥሩ ፖሮ ከአንድ ዋጋ ሩፍ የጠራ ምስል የመስጠት ዕድሉ ከፍ ይላል። ሩፍ ደግሞ ቀጭን፣ ለመሸከም ምቹና ከውኃ ለመጠበቅ ቀላል ነው።

ዝናብና ጉም

ለስኮትላንድ ተራራ ይህ ከሌላው ሁሉ ያላነሰ ነጥብ ነው። መነጽር ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ጉም ይይዛል። በውስጡ እርጥበት ያለው አየር ካለ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲነካው ውኃው በሌንሱ የውስጥ ገጽ ላይ ይቋጥራል። ከውጭ የያዘውን በጨርቅ ማስወገድ ይቻላል፤ የውስጡን ግን በተራራ ላይ የሚያስወግድ የለም።

ለዚህ መፍትሔው መጋጠሚያዎቹን በጎማ ቀለበት ዘግቶ፣ አየሩን አስወጥቶ ደረቅ ናይትሮጅን መሙላት ነው። ጉም የሚከለክለው የናይትሮጅኑ ልዩ ጠባይ ሳይሆን ደረቅነቱ ነው፤ ቀለበቱ ካረጀ እርጥበት ተመልሶ ይገባል። ገዢው “ውኃ የሚቋቋም” ከሚለው ይልቅ “ውኃ የማያስገባ” የሚለውን ይፈልግ። አይፒኤክስ 4 የሚል ምልክት ርጭትን መቋቋሙን ብቻ ያሳያል፤ አይፒኤክስ 7 ግን በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየቱ የተፈተነ መሆኑን ይገልጻል።

በመጠነኛ ገንዘብ ምን ይገዛ?

እጅግ የታወቁት የአውሮፓ አምራቾች ምርጥ መነጽሮች ከ2000 ፓውንድ በላይ ይሸጣሉ። ለመጠባበቂያ ይህን ያህል ማውጣት አያስፈልግም። በብሪታንያ ገበያ ከ100 እስከ 200 ፓውንድ ባለው ክልል ውስጥ ለሥራው የሚበቃ መነጽር ይገኛል። ምርጫዎቹን በሦስት እንከፍላቸዋለን።

አንደኛ፦ 8×42 ሩፍ፣ ውኃ የማያስገባ። ክብደቱ በአብዛኛው ከ600 እስከ 800 ግራም ነው። መጠባበቂያው ከጓደኛ ወይም ከረዳት ጋር የሚጓዝ ከሆነ የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው። ዋናው ቢጠፋ እንኳ አዳኙ ከድንግዝግዝ ብርሃን የሚያጣው ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፦ 8×32 ሩፍ፣ ውኃ የማያስገባ። ከጀርባ ቦርሳ ሳይወጣ ቀኑን ሙሉ ለሚዞር መነጽር ክብደቱ ወሳኝ ነው። የ4 ሚሊሜትሩ የብርሃን ክብ ከማለዳ እስከ ምሽት መባቻ ይበቃል። ብቻውን ለሚወጣ አዳኝ ሚዛናዊው ይህ ነው፤ ከብዶት ቤት ያስቀመጠው ትልቅ መነጽር በተራራው ላይ አይረዳውምና።

ሦስተኛ፦ ያገለገለ 8×30 ፖሮ። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የተሠሩት የካርል ዜይስ “የኖፕቴም” መነጽሮችና በካዛን የተሠሩ የሶቪየት መነጽሮች እስከ ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ይገኛሉ። ደህናው ከተገኘ በአነስተኛ ገንዘብ ጥሩ መስተዋት ነው። ጉድለታቸው ግን መታወቅ አለበት፤ በመካከል ባለ መዘውር የሚስተካከሉት ከውኃ የተዘጉ አይደሉም፣ ብዙዎቹም አንድ ድርብ ሽፋን ብቻ አላቸው፣ የዓይን ርቀታቸውም አጭር ነው።

በዚህ ዋጋ ክልል የሚወገዱትም አሉ። አንዱን በመጠምዘዝ ከ10 ወደ 30 እጥፍ የሚያቀርቡ “ዙም” መነጽሮች እይታቸው ጠባብ ነው፤ ሁለቱ ጎኖቻቸውም አብረው ለመሄድ ይቸገራሉ። የማስተካከያ መዘውር የሌላቸው፣ ሌንሳቸው ከፕላስቲክ የሆነና በቁጥራቸው ትልቅነት የሚያስተዋውቁ መነጽሮችም ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ሁለት ምክሮችን እንጨምር። የመጠባበቂያው የማቅረብ ኃይል ከዋናው ጋር አንድ ቢሆን ይመረጣል፤ ዓይን የለመደውን ርቀት በመጠን የመገመት ልማድ እንዳይዛባበት ነው። መነጽር በዓይኑ ላይ ለሚያደርግ ሰው ደግሞ የዓይን ርቀቱ፣ ማለትም ዓይን ከሌንሱ ርቆ ሙሉውን እይታ የሚያይበት ልክ፣ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ይሁን።

ከመክፈል በፊት የሚደረጉ አምስት ፈተናዎች

እነዚህ ፈተናዎች ምንም መሣሪያ አይፈልጉም፤ ለአዲሱም ላገለገለውም ይሠራሉ።

1. የብርሃኑ ክብ። መነጽሩን 30 ሳንቲሜትር ያህል ከዓይን አርቆ ወደ ብሩህ መስኮት በማዞር በዓይን ሌንሱ ላይ የሚታየውን ክብ መመልከት። ጫፉ ሙሉ ክብ ከሆነ መልካም ነው። አራት ማዕዘን የመሰለ ጥላ ከቆረጠው ፕሪዝሙ ዝቅተኛ መስተዋት ነው። በፖሮ መነጽሮች “ባክ 4” የተባለው የመስተዋት ዓይነት ከ“ቢኬ 7” የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ሽፋኑ። የመብራት ነጸብራቅ በፊት ሌንሱ ላይ ሲታይ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ገጾቹ ተሸፍነዋል። ደማቅ ነጭ ነጸብራቅ ሽፋን የሌለው ገጽ መኖሩን ያሳብቃል።

3. የሁለቱ ጎኖች ስምምነት። የሩቅ ቤት ጣራ ጫፍ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ እያዩ መነጽሩን ቀስ በቀስ ከዓይን ማራቅ። በሁለቱ ክቦች ውስጥ መስመሩ በአንድ ከፍታ መቀጠል አለበት። አንዱ ከሌላው ከፍ ካለ ጎኖቹ ተዛንፈዋል፤ ይህም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራስ ያሳምማል። ወድቆ የሚያውቅ አሮጌ መነጽር በአብዛኛው የሚወድቀው በዚህ ፈተና ነው።

4. የውስጥ ንጽሕና። በአንዱ በኩል የእጅ ባትሪ አብርቶ በሌላው በኩል አግድም መመልከት። ጥቂት አቧራ አይጎዳም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር ግን ሻጋታ ነው፤ ሽፋኑን እየበላ ስለሚሄድ አለመግዛት ይሻላል።

5. የምሽት ፈተና። ከተቻለ ወደ ሱቁ በአመሻሽ ሄዶ፣ ወደ ውጭ ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ያለውን ቅርንጫፍ ለመለየት መሞከር። አስር ደቂቃ በዚህ ብርሃን መመልከት በሳጥን ላይ ከተጻፈው ሁሉ የበለጠ ያስተምራል።

በእነዚህ ፈተናዎች ጊዜም ሆነ በሌላ ጊዜ መነጽሩን ፈጽሞ ወደ ፀሐይ ማዞር አይገባም። የተሰበሰበው ብርሃን ዓይንን በቅጽበት ለዘለቄታው ሊያሳውር ይችላል።

አያያዙ

መጠባበቂያ መነጽር ከተገዛ በኋላ እንዲረሳ ማድረግ አይገባም። ከጉዞ በፊት የሁለቱን ዓይኖች ልዩነት የሚያስተካክለውን ቀለበት ለራስ አስተካክሎ በጥቂት ፕላስተር ማሰር ጠቃሚ ነው፤ በችኮላ ሰዓት ከሳጥኑ ሲወጣ ዝግጁ ይሆናልና። ከዋናው ጋር በአንድ ኪስ አይቀመጥ፤ አንድ አደጋ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ በቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይሙቅ። በዝናብ ከዋለም በኋላ ሳይደርቅ በሳጥን አይዘጋ፤ ሻጋታ የሚወለደው እዚያ ነው።

ሌንስን በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ መጥረግ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። በጨርቁ ላይ የተጣበቀች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ግን ሽፋኑን ትጭረዋለች። መጀመሪያ አቧራውን በትንሽ ማናፈሻ ማስወገድ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ በመጨረሻም ለሌንስ በተሠራ ጨርቅ በቀስታ መጥረግ ነው።

ከአደን ባሻገር

ከእናንተ መካከል ጠመንጃ የማትይዙ ትበዛላችሁ። ይህ ትምህርት ግን ለእናንተም ነው። ለአገር ቤት ጉብኝት በባሌ ተራሮች በዲንሾና በጋይሳይ የደጋ አጋዘንን፣ በሰሜን ተራሮች ዋሊያን ለማየት የሚያስብ ቤተሰብ የሚፈልገው ከዚሁ የተለየ አይደለም፦ 8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ ቢያንስ 32 ሚሊሜትር የፊት ሌንስ ያለው፣ ውኃ የማያስገባ መነጽር። በ1910 ለሳይንሱ ዓለም የተገለጸው የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ሳይረበሽ ከሩቅ የሚታይበት መንገድም ይህ ነው። የሩቅ መነጽር ወደ ኢትዮጵያ ይዞ መግባት ፈቃድ ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊት ከጉምሩክ ወይም ከኤምባሲ ደንቡን ቢያጣሩ ይበጃል።

ትምህርቱን በአጭሩ እናጠቃልል። በመጠባበቂያ መነጽር ላይ ገንዘብ የሚቆጠበው የማቅረብ ኃይልን በመቀነስና ጌጡን በመተው እንጂ በሽፋኑ፣ በጎኖቹ ስምምነትና በውኃ መከላከያው ላይ አይደለም። መጥኖ መደቆስ ከጉዞ በፊት ነው። ያን ጊዜ ዋናው መነጽር ቢሰበር አዳኙ ጠመንጃውን ሳያነሣ አሻግሮ ያያል፤ ያየው ወንድ ይሁን ሴት፣ እናት ትሁን ግልገል፣ አጋዘን ይሁን ሰው ይለያል። ሊለየው ካልቻለ ደግሞ አይተኩስም። መልካም ጉዞ!